አንድ ወርዋሪ፣ አሥር ዙር፣ ዜሮ ነጥብ፦ በቤዝቦል ብርቅ የሆነው ድል እንዴት ይገኛል?

በየዓመቱ መስከረም ተገባዶ ጥቅምት ሲገባ የአሜሪካ ቤዝቦል ወደ ዋንጫው ፍልሚያ ይሸጋገራል፤ አብሮም አንድ የቆየ ክርክር ይቀሰቀሳል። አሰልጣኙ ጥሩ እየሠራ ያለውን ወርዋሪ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ዙር ቀይሮ ያስወጣዋል። ተቀይሮ የገባው ይመታበታል፤ ቡድኑም ይሸነፋል። ከዚያ በኋላ ቁጭት ላይ ያሉ ደጋፊዎች ደጋግመው የሚጠሩት ስም የጃክ ሞሪስ ነው።

ሞሪስ እሑድ ጥቅምት 16 ቀን 1984 ዓ.ም. ማታ ሚኒያፖሊስ ከተማ ውስጥ ለሚኒሶታ ትዊንስ ተሰልፎ አሥር ዙር ሙሉ ሳይቀየር ወረወረ። ተጋጣሚው አትላንታ ብሬቭስ አንድም ነጥብ አላገኘም። ጨዋታው 1 ለ 0 አለቀ፤ የዓመቱ ዋንጫም በዚያች አንዲት ነጥብ ተወሰነ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር ቀኑ ኦክቶበር 27 ቀን 1991 ነው፤ ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር እንጠቅሳለን።

ያ ምሽት የሚወሳው አንድ ሰው ብቻውን የፈጸመው ጀብዱ ተብሎ ነው። በዝርዝር ሲታይ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል።

ቤዝቦልን ጨርሶ ለማያውቅ ሰው፣ ጨዋታው ምንድን ነው?

ሁለት ቡድኖች ይጋጠማሉ፤ እያንዳንዱ ዘጠኝ ሰው ያሰልፋል። አንዱ ቡድን ሜዳውን ይዞ ሲከላከል የሌላው ቡድን ተጫዋቾች በተራ እየወጡ በዱላ ይመታሉ። ወርዋሪው ከአንዲት የአፈር ጉብታ ላይ ሆኖ 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ርቆ ወዳለው ቦታ ኳስ ይወረውራል። እዚያ መቺው ዱላውን አንሥቶ ይጠብቃል፤ ከኋላው ደግሞ የወርዋሪው ጓደኛ የሆነው ተቀባይ ቁጢጥ ብሎ ተቀምጧል። መቺው ኳሷን ከመታ በ27 ሜትር ተራርቀው የተቀመጡትን ቤዞች ለመዞር ይሮጣል። ዞሮ ወደተነሣበት ሲመለስ ቡድኑ አንድ ነጥብ ያገኛል። በአንድ ምት ሁሉንም መዞር የሚሳካው ከስንት አንዴ ነው፤ ስለዚህ ሯጩ አንደኛው፣ ሁለተኛው ወይም ሦስተኛው ቤዝ ላይ ቆሞ ከእሱ ቀጥሎ የሚመታው እንዲያሻግረው ይጠብቃል።

ተከላካዩ ቡድን ሦስት ሰው ሲያስወጣ ተራው ይለወጣል። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ ይወጣል፤ የመታት ኳስ መሬት ሳትነካ ከተያዘችም ይወጣል፤ በእግሩ ከመድረሱ በፊት ኳሷ ቤዙ ላይ ከደረሰችም እንዲሁ። በተቃራኒው ወርዋሪው ከተፈቀደው ክልል ውጪ አራት ጊዜ ከወረወረ መቺው ያለ ምንም ልፋት ወደ አንደኛው ቤዝ ይሄዳል። ሁለቱም ቡድኖች አንድ አንድ ጊዜ መትተው ሲጨርሱ አንድ ዙር ተፈጸመ ይባላል። ጨዋታው ዘጠኝ ዙር ሲሆን እኩል ከሆኑ አሥረኛ፣ አሥራ አንደኛ እየተባለ ይቀጥላል።

እዚህ ላይ ልብ ማለት የሚያስፈልገው፣ ቤዝቦል የማብቂያ ሰዓት የለውም። እየመራ ያለ ቡድን ኳስ ይዞ ደቂቃ ሊያባክን አይችልም። ተጋጣሚውን 27 ጊዜ እስኪያስወጣ ድረስ ወርዋሪው መወርወር፣ መቺውም ዕድሉን መሞከር አለበት።

ታዲያ «ሙሉ ጨዋታ ያለ ነጥብ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሁለት ነገሮች በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ነው። ጨዋታውን የጀመረው ወርዋሪ ሳይቀየር ይጨርሳል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜም ተጋጣሚው አንድም ነጥብ አያስቆጥርም። ሦስት ወይም አራት ወርዋሪዎች ተፈራርቀው ተጋጣሚውን በዜሮ ቢሸኙት ክብሩ የቡድኑ እንጂ የማንኛቸውም የግል መዝገብ አይሆንም።

ብዙ ሰው ይህን፣ ማንም መቺ በምቱ ቤዝ ካልደረሰበት ጨዋታ ጋር ያምታታዋል። እሱ ሌላ፣ ከዚህም የከበደ ነገር ነው። ያለ ነጥብ በተዘጋ ጨዋታ መመታት አለ፤ ሞሪስ ራሱ በዚያ ምሽት ሰባት ጊዜ በሚገባ ተመትቷል። ጥያቄው የተመታው ኳስ ነጥብ አመጣ ወይስ አላመጣም ነው።

ድሮ ይህ የተለመደ ነበር። ዋልተር ጆንሰን ከ1907 እስከ 1927 ለዋሽንግተን ሲጫወት 110 ጨዋታዎችን በዚህ መንገድ ዘግቷል፤ ክብረ ወሰኑን እስካሁን የደፈረው የለም። ክሪስቲ ማቲውሰን በ1905 የፍጻሜ ውድድር ብቻ፣ በስድስት ቀናት ውስጥ፣ ሦስት ጊዜ ፈጽሞታል። ሳይ ያንግ የተባለው ደግሞ ያለ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ ሳይቀየር የጨረሳቸው ጨዋታዎች ብዛት 749 ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች ጎን የዘመናችን ታላቅ ወርዋሪ የሚባለውን ክሌይተን ከርሾውን ብናስቀምጥ፣ በ18 የውድድር ዘመን ያለ ነጥብ የዘጋቸው 15 ብቻ ናቸው።

የ1991ዱ ጨዋታ ለምን ያን ያህል ከበደ?

የዓመቱ ፍጻሜ እስከ ሰባት ጨዋታ የሚዘልቅ ነው፤ ቀድሞ አራት ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። ትዊንስና ብሬቭስ ሁለቱም በቀዳሚው ዓመት በየምድባቸው መጨረሻ የወጡ ቡድኖች ነበሩ። ስድስቱንም ጨዋታ ባለሜዳው እያሸነፈ ሦስት ለሦስት ሆኑ። ስድስተኛው ጨዋታ ከሰባተኛው በፊት በነበረው ምሽት በአሥራ አንደኛው ዙር ነው ያለቀው፤ የጨረሰውም የትዊንሱ ኪርቢ ፓኬት ነበር።

ሰባተኛውን የጀመረው ሞሪስ ያኔ የ36 ዓመት ሰው ነው። ከሚኒያፖሊስ ጋር ተያይዛ ባለችው በሴንት ፖል ከተማ ተወልዶ፣ ለረጅም ዓመታት ዲትሮይት ተጫውቶ፣ በዚያው ዓመት ወደ አገሩ ተመልሷል። በዘጠኝ ቀናት ውስጥ ሦስተኛ ጨዋታውን መጀመሩ ነበር። ለብሬቭስ የተሰለፈው ጆን ስሞልትዝ 24 ዓመቱ ነው፤ ሚሽጋን ውስጥ ሲያድግ የዲትሮይት ደጋፊ፣ የሞሪስም አድናቂ ነበር። የሚያደንቀውን ሰው ለማሸነፍ ወጥቶ እሱም ሰባት ዙር ከዜሮ ጋር ቆየ።

ስታዲየሙ ጣሪያው በአየር ግፊት የተወጠረ ዝግ ሕንፃ ነበር፤ የ55,118 ሰው ጩኸት መውጫ አልነበረውም። ዛሬ ፈርሶ በቦታው ሌላ ስታዲየም ተሠርቷል። ከዚያ በባቡር አንድ ፌርማታ ሲኬድ የሚገኘው የሴዳር ሪቨርሳይድ ሰፈር ከሶማሊያና ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ቤተሰቦች የሚኖሩበት ነው።

በስምንተኛው ዙር ምን ተፈጠረ?

የጨዋታው ልብ እዚህ ነው፤ ቀስ ብለን እንየው።

ውጤቱ ዜሮ ለዜሮ ነው። የብሬቭሱ ሎኒ ስሚዝ መትቶ አንደኛው ቤዝ ደረሰ። ቀጥሎ ቴሪ ፔንድልተን ወጣ። ሞሪስ ሲወረውር ስሚዝ ኳሷ ሳትመታ ወደ ሁለተኛው ቤዝ መሮጥ ጀመረ፤ ፔንድልተን ደግሞ ኳሷን ከግራና ከመሐል ተከላካዮች መካከል አሻግሮ እስከ ግድግዳው ሰደዳት። በወጉ ቢሆን ስሚዝ ቀድሞ ስለተነሣ ሳይቆም እስከ መነሻው ገብቶ ነጥብ ማስቆጠር ነበረበት።

ግን ቆመ። ሁለተኛው ቤዝ አካባቢ የነበሩት የትዊንስ ተከላካዮች ቸክ ኖብላክና ግሬግ ጋግኒ ኳሷ እጃቸው ያለች ይመስል ማስመሰል ጀመሩ። ኖብላክ ጎንበስ ብሎ ከመሬት ያነሣ፣ ለጋግኒም የወረወረ መሰለ። ኳሷ ግን የለችም፤ እጅግ ሩቅ፣ ግድግዳው ሥር ነበረች። ስሚዝ ሁለተኛውን ቤዝ አልፎ ቆመና በዓይኑ ይፈልጋት ጀመር። ኋላ ላይ በማስመሰሉ እንዳልተታለለ፣ ኳሷ የት እንደሄደች ብቻ እንዳጣ ተናግሯል። የሆነ ሆኖ እነዚያ ጥቂት ሰከንዶች ሦስተኛው ቤዝ ላይ አስቀሩት።

አሁን ሁለት ሯጮች፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቤዝ ላይ ናቸው፤ ከብሬቭስ ገና አንድም ሰው አልወጣም። ወደ ሩቅ ሜዳ ከፍ ብላ የምትሄድ ኳስ ብትያዝ እንኳ ስሚዝን ታስገባዋለች። ሮን ጋንት መታ፤ ኳሷ ደካማ ሆና ወደ አንደኛው ቤዝ ጠባቂ ወደ ኬንት ኸርቤክ ተንከባለለች። ጋንት ወጣ፤ ሯጮቹ ንቅንቅ ማለት አልቻሉም።

ቀጥሎ የመጣው ዴቪድ ጀስቲስ አደገኛ መቺ ነው። የትዊንስ አሰልጣኝ ቶም ኬሊ ሆን ተብሎ እንዲታለፍ አዘዘ፤ ሞሪስ አራት ኳሶችን ከክልሉ ውጪ ወርውሮ ወደ አንደኛው ቤዝ ሸኘው። ሦስቱም ቤዞች ሞሉ። ለአዲስ ተመልካች ይህ ራስን በገዛ እጅ ችግር ውስጥ መክተት ይመስላል፤ ስሌቱ ግን አለ። ቤዞቹ ሁሉ ሲሞሉ ሯጮቹ መቆም አይችሉም፤ ኳስ መሬት ላይ ከተመታች የግድ ወደፊት መሮጥ አለባቸው። ስለዚህ ተከላካዩ ሯጩን አሳድዶ መንካት አያስፈልገውም፤ ኳሷን ይዞ ሯጩ የሚሄድበትን ቤዝ መርገጥ ይበቃዋል። በአንድ ምት ሁለት ሰው የማስወጣት ዕድልም ይከፈታል።

ተረኛው ሲድ ብሪም፣ በተደጋጋሚ የጉልበት ቀዶ ጥገና ፍጥነቱን ያጣ ሰው ነበር። ኳሷን ወደ ኸርቤክ መታት። ኸርቤክ ወዲያው ወደ መነሻው ወረወረ፤ ተቀባዩ ብሪያን ሃርፐር እዚያ ረግጦ ስሚዝን አስወጣ፤ መልሶ ለኸርቤክ ወረወረለት፤ ብሪምም ሳይደርስ ወጣ። ዙሩ አለቀ። ሞሪስ አየሩን በቡጢ እየመታ ከጉብታው ወረደ።

ነጥቧስ ከየት መጣች?

ዘጠኙ ዙር ዜሮ ለዜሮ አለቀ። ትዊንስም በስምንተኛውና በዘጠነኛው ዙር ያገኟቸውን ዕድሎች አባክነዋል። ከዘጠነኛው በኋላ ኬሊ ወርዋሪውን ለመቀየር አስቦ ነበር፤ ሞሪስ ግን እቀጥላለሁ አለ፤ ኬሊም ተወው። በአሥረኛው የመጡትን ሦስት የብሬቭስ መቺዎች በተከታታይ አስወጣ። በምሽቱ የወረወረው ኳስ ብዛት 126 ደረሰ።

በተራቸው ዳን ግላደን ዱላው እየተሰበረ የመታት ኳስ በሰው ሠራሹ ሣር ላይ ከፍ ብላ ስትነጥር ሁለተኛው ቤዝ ድረስ በድፍረት ሮጠ። ኖብላክ ራሱን መሥዋዕት አድርጎ በቀስታ መታና ወደ ሦስተኛው አሻገረው። ብሬቭስም የትዊንስን ዘዴ ተጠቅመው ሁለት ጠንካራ መቺዎችን ሆን ብለው አሳልፈው ቤዞቹን ሞሉ። ያኔ ጂን ላርኪን፣ ጉልበቱን ታሞ ተጠባባቂ ወንበር ላይ የቆየው፣ በተቀያሪነት ገባ። የመጀመሪያዋን ኳስ ወደ ፊት ተጠግተው ከቆሙት የሩቅ ተከላካዮች አናት በላይ አሳለፋት። ግላደን እየዘለለ ገባ።

ይህ እንግዲህ የአንድ ሰው ድል ነው?

መዝገቡ እንዲያ ይላል፤ የፍጻሜው ኮከብ ተጫዋች ተብሎ የተሸለመውም ሞሪስ ነው። ስምንት መቺዎችን በራሱ ውርወራ ብቻ አስወጥቷል፤ ሁለት ብቻ በነጻ ሲያሳልፍ አንዱ ሆን ተብሎ የታለፈው ጀስቲስ ነው። ማንም ክብሩን አይነሣውም፤ በ2018 የስፖርቱ የክብር አዳራሽ ውስጥ ገብቷል።

ሆኖም አሥር ዙር ማለት 30 ሰው ማስወጣት ነው። ስምንቱ የሞሪስ ከሆኑ ቀሪዎቹ 22 የተጠናቀቁት በጓደኞቹ ጓንት ነው። ስምንተኛው ዙር ላይ ኳሷ ሁለት ጊዜ በደንብ ተመትታበታለች፤ ዜሮው ያልተሰበረው ኖብላክ ባዶ እጁን ስላስመሰለ፣ ወይም ስሚዝ ኳሷን በዓይኑ ስላጣት፣ ከዚያም ኸርቤክና ሃርፐር ሁለት ውርወራ ስላልሳቱ ነው። ለእኔ የዚህ ዓይነት ድል እጅግ የሚያስገርመው በዚህ ነው፦ በስታቲስቲክስ በአንድ ስም ይጻፍ እንጂ ስምንት ሰዎች በትኩረት ያልቆሙበት ዜሮ የለም።

ታዲያ ዛሬ ለምን ጠፋ?

በአሜሪካ ዋናው ሊግ በአንድ መደበኛ የውድድር ዘመን 2,430 ጨዋታ ይካሄዳል። ከ2022 እስከ 2024 ወርዋሪዎች ሳይቀየሩ የጨረሷቸው ጨዋታዎች በየዓመቱ 40 አልሞሉም፤ ያለ ነጥብ የተዘጉት ደግሞ ከእነዚህም ያንሳሉ።

አንደኛው ምክንያት መላመድ ነው። መቺዎቹ ዘጠኝ ስለሆኑና በተራ ስለሚመቱ፣ ረጅም የሚቆይ ወርዋሪ እያንዳንዱን ሦስትና አራት ጊዜ ያገኘዋል። የዓመታት መዝገብ ሲጠና መቺው ሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ከመጀመሪያው በግልጽ ይበረታል። የወርዋሪው ድካም ብቻ አይደለም፤ መቺው የኳሷን አመጣጥ ዓይኑ ለምዶታል። ቡድኖች ይህን በቁጥር ካረጋገጡ በኋላ፣ መቺዎቹ ለሦስተኛ ጊዜ ሳይመጡ አዲስ ወርዋሪ ማስገባት ልማድ ሆነ።

ሁለተኛው ፍጥነት ነው። በ2008 ገደማ የፈጣን ውርወራ አማካይ በሰዓት 148 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነበር፤ ዛሬ ከ151 በላይ ነው። የድሮው ወርዋሪ እንደ 10,000 ሜትር ሯጭ ለመጨረሻው ዙር ጉልበት እያስቀረ ይሄድ ነበር። የዛሬው ቡድን ሥራውን ዱላ ቅብብል አድርጎታል፤ እያንዳንዱ ድርሻውን ባለው ኃይል ሁሉ ሮጦ ያቀብላል። ይህ የሚያስከፍለውም አለ። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ በቶሚ ጆን ክርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሠራው የጅማት ቀዶ ጥገና ዛሬ የተለመደ ሕክምና ሆኗል። በብዙ ሚሊዮን ዶላር የተፈረመበትን ክንድ 126 ጊዜ እንዲወረውር የሚፈቅድ አሰልጣኝ ማግኘት ያስቸግራል።

ቁጥር ወይስ ዓይን፣ ማን ትክክል ነው?

ከሞሪስ ጨዋታ ልክ 29 ዓመት በኋላ፣ ኦክቶበር 27 ቀን 2020፣ የታምፓ ቤይ ወርዋሪ ብሌክ ስኔል በስድስተኛው የፍጻሜ ጨዋታ ሎስ አንጀለስ ዶጀርስን 1 ለ 0 እየመራ ነበር። ዘጠኝ መቺዎችን በውርወራ ብቻ አስወጥቷል፤ የወረወረው 73 ኳስ ብቻ ነው። በስድስተኛው ዙር ሁለተኛ ምት ሲመታበት አሰልጣኙ ኬቨን ካሽ አወጣው። ዶጀርስ ወዲያው ሁለት ነጥብ አገኙ፤ 3 ለ 1 አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ካሽ እስከ ዛሬ ይወቀስበታል።

ወቃሾቹ የማያነሡት ሌላ ምሽት ግን አለ። በ2003 ቦስተን ወደ ፍጻሜው ለማለፍ ኒውዮርክ ያንኪስን በሰባተኛ ጨዋታ ሲገጥም፣ አሰልጣኙ ግሬዲ ሊትል የደከመውን ፔድሮ ማርቲኔዝን በስምንተኛው ዙር አላወጣውም። 5 ለ 2 ይመሩ የነበሩት ቦስተኖች እዚያው እኩል ሆኑ፤ በአሥራ አንደኛው ዙር 6 ለ 5 ተሸነፉ። ሊትልም ሥራውን አጣ። አንዱ ያወጣ፣ ሌላው ያላወጣ፤ ሁለቱም ተረገሙ። የሞሪስ ምሽት የሚታወሰው ኬሊ ልክ ስለነበረ ብቻ ሳይሆን የብሪም ኳስ ወደ ኸርቤክ ስለሄደችም ጭምር ነው። ሁለት ሜትር ፈቀቅ ብላ ብታልፍ ኖሮ ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሊትል ዓይነት ስሕተት ነበር።

ፈጽሞ አይታይም ማለት ነው?

ይታያል፤ ብርቅ ሆኖ። በፍጻሜ ውድድር እንዲህ ያለውን ጨዋታ ማዲሰን ባምጋርነር በ2014 ለሳን ፍራንሲስኮ ካንሳስ ሲቲን 5 ለ 0 ሲያሸንፍ ፈጽሞታል። በ2025 ጃፓናዊው ዮሺኖቡ ያማሞቶ ቶሮንቶን ገጥሞ ሳይቀየር ቢጨርስም አንድ ነጥብ ተቆጥሮበታል። በዚያው ዓመት ሜይ 25 የዲትሮይቱ ወርዋሪ ታሪክ ስኩባል ክሊቭላንድን 5 ለ 0 ሲዘጋ ደግሞ 94 ኳስ ብቻ ነው የወረወረው፤ 13 መቺዎችን በውርወራ አስወጥቷል፤ የመጨረሻዋ ኳሱ በሰዓት 165 ኪሎ ሜትር ነበረች።

የስኩባል ቁጥሮች ዛሬ ይህ ድል በምን ሁኔታ እንደሚፈቀድ ይነግራሉ። ጨዋታ ሲያዩ በስክሪኑ ጥግ የሚጻፈውን የውርወራ ብዛት ይከታተሉ። ሰባት ዙር አልቆ ቁጥሩ ከ85 ካልዘለለ፣ ቡድኑም በሦስትና በአራት ነጥብ ከመራ ዕድሉ አለ። ከሁሉ የበለጠ የሚያስታውቀው ግን ካሜራው ተቀያሪ ወርዋሪዎች ወደሚያሟሙቁበት ቦታ ሲዞር ነው፤ በዘጠነኛው ዙር መጀመሪያ እዚያ የተነሣ ሰው ከሌለ አሰልጣኙ ጨዋታውን ለጀመረው ሰው ሰጥቶታል ማለት ነው።